የ13 ዓመቷ ዡልየት በጣና ዳር

ባሕር ዳር ላይ ስለ ሮሜዎና ዡልየት ወሬ ከተነሣ ተከራካሪው ወዲያው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ወጣቱ «ፍቅር ማለት እንዲህ ነው» ይላል። ልጅ ያሳደገው ደግሞ «የምን ፍቅር፣ የልጅ እብደት እንጂ! ሁለት ቀን ሳይተዋወቁ ለሞት ምን አደረሳቸው?» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ከመለሱት ወዲህ ቴአትሩ የኛም ሆኗል። አንብቦት የማያውቅ ሰው እንኳ የልጆቹን ስምና መጨረሻቸውን ያውቃል።

ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ሆኖ ቢቀር እኔም ባልጻፍኩ። ግን «የልጅ እብደት ነው» የሚለው ፍርድ ከመድረክ ወርዶ ቤት ይገባል። ልጇ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍና በስልክ ስትንሾካሾክ የሰማች እናት የምትፈርደው በዚህ ሚዛን ነው። የልጁን ደብተር ሲገልጥ የማያውቀውን ስም በልብ ሥዕል ተከቦ ያገኘ አባትም እንዲሁ። ቴአትሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት ነገር አለ። አፍላ ስሜትን ከእውነተኛ ፍቅር የሚለየው ጊዜ ነው፤ እነዚህ ልጆች ያላገኙት ደግሞ እሱኑ ነው። የነፈጓቸውም ዐዋቂዎች ናቸው።

ሼክስፒር ታሪኩን ከራሱ አላመነጨውም። እ.ኤ.አ. በ1562 አርተር ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ ከጣልያን የመጣውን ታሪክ በረጅም ግጥም አሳትሞት ነበር። ብሩክ በመቅድሙ ላይ የወላጅን ምክር ንቀው ለምኞታቸው የተገዙ ልጆች መጨረሻቸው ይኸው ነው ብሎ ይገሥጻል፤ የኛ ሻይ ቤት ሽማግሌዎች ቢያገኙት ያቅፉት ነበር። በእሱ ግጥም ልጅቱ ወደ 16 የተጠጋች ናት፤ በምስጢር ከተጋቡ በኋላም ወራት ያልፋሉ። ሼክስፒር በ1590ዎቹ አጋማሽ ሲጽፈው ግሣጼውን ጣለው፤ ዕድሜዋን ወደ 13 አወረደው፤ ወራቱን ደግሞ ወደ ጥቂት ቀናት ጨመቀው። እሑድ ጠዋት ጎዳና ላይ ጠብ ይነሣል፣ ማታ ግብዣ ላይ ይተያያሉ፣ ሰኞ ይጋባሉ፣ ሳምንቱ ሳይሞላ ሁለቱም መቃብር ቤት ውስጥ ሬሳ ናቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የኛን ተረት ሰምቶ የጻፈው ይመስላል። ይህን ያህል የሚያጣድፍ ደራሲ ፍጥነቱን ሳያስብበት አላደረገውም። ልጆቹ የሚዋደዱበትን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ዐዋቂዎቹ የሚወስኑበትንም ፍጥነት ጎን ለጎን እንድናይ ይፈልጋል።

አፍላ ፍቅርን በቴአትሩ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። መጀመሪያው ላይ ተቀምጧል፤ የልጅቱ ስም ግን ሮዛሊን ነው። ሮሜዎን ስናገኘው በሮዛሊን ፍቅር ታሟል። ሌሊት ይቅበዘበዛል፣ ሲነጋ መስኮቱን ዘግቶ በቀን ጨለማ ይሠራል፣ እሳቱ ቀዝቃዛ፣ ጤናው በሽታ መሆኑን እያወራ ዘመዱን ያደክማል። አነጋገሩም የራሱ አይደለም። በዚያ ዘመን የፍቅር ግጥም ሁሉ እንደዚህ ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ከቲክቶክ ያገኘውን ጥቅስ በቴሌግራም ያስተላልፍ ነበር። ሮዛሊንን እኛ መድረክ ላይ አንዲት ቃል ስትናገር አንሰማትም። ሮሜዎም ቢሆን የሚነግረን ስለ ሕመሙ ነው። ልጅቱ ምን እንደሚያስቃት፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ ማንን እንደምትወድ አልነገረንም፤ የሚያውቅም አይመስለኝም። በጠላት ቤት፣ በዡልየት አባት በካፑሌት ግብዣ ላይ ተደብቆ የገባው እሷን ሊያይ ነው። ዡልየትን ባየባት ደቂቃ ግን ረስቷታል።

እዚህ ላይ «እብደት ነው» ባዩ ወገን ያጨበጭባል። የንስሐ አባቱ የሆኑት መነኩሴ፣ አባ ሎሬንስም፣ በማግስቱ ጠዋት ሮጦ ሲመጣባቸው የወጣት ፍቅር ያለው ልቡ ውስጥ ሳይሆን ዐይኑ ላይ ነው ብለው ይወርፉታል። ትክክል ናቸው፤ ቢያንስ ስለ ሮዛሊን።

ከዡልየት ጋር የሆነው ግን በዓይነቱ ሌላ ነው። ልዩነቱ ስሜቱ በመክረሩ አይመጣም፤ ለሮዛሊንም እስኪታመም ድረስ ከሮ ነበር። አሁን የተለየው ሌላ ሰው መኖሩ ነው። መጀመሪያ ሲገናኙ የሚነጋገሩት ንግግር ተጋጥሞ ሲታይ አንድ ሙሉ ባለ 14 ስንኝ ግጥም ይሆናል፤ እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ቤቱን የሚደፉት እየተቀባበሉ ነው። ጎጃም ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ የሌላውን ሐሳብ ሳይሰሙ መቀባበል የለም። ሮሜዎ ለሮዛሊን ሲያዝን የነበረው ብቻውን ነበር። አሁን የምትመልስለት አለች፤ አንዳንዴም የምትገፋው።

ያውም አጥብቃ ትገፋዋለች። በዚያ በታወቀው የሌሊት ንግግር ላይ እሱ በጨረቃ ሊምልላት ሲነሣ፣ ጨረቃ በየወሩ የምትለዋወጥ ናትና በሷ አትማልብኝ ብላ ታቋርጠዋለች። ነገሩ በጣም እንደፈጠነባት፣ አየሁ ሳይባል እንደሚጠፋ መብረቅ እንደሆነባት አፍ አውጥታ ትናገራለች። እምቡጡ በሌላ ቀን ስንገናኝ አበባ ይሁን እንጂ ዛሬ ይብቃን ትላለች። ጊዜ የጠየቀችው እሷ ናት። ከዚያም ወደ ፍሬ ነገሩ ትገባለች። ሐሳብህ ጋብቻ ከሆነ የትና መቼ እንደሆነ ንገረኝ፣ ነገ ሰው እልካለሁ፣ በስንት ሰዓት ልላክ? እሱ ግጥም ላይ ነው፤ እሷ ሰዓት ትጠይቃለች። ይህን አንብቦ ዡልየትን «ራሷን ያልቻለች ልጅ» ብሎ የሚደመድም ሰው ግጥሙን ከሰማ በኋላ መጽሐፉን ያጠፈው ይመስለኛል።

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ፣ ቴአትሩ ላይ የሌለ ነገር ታያላችሁ። ሁለት ተማሪዎች የድንጋይ አጥር ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ዩኒፎርሟ እንዳይለይ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባለች። መሐላቸው ላይ አንድ ስልክ አለ፤ አንዱ ጽፎ ያስቀምጣል፣ ሌላው አንሥቶ ያነባል። ጎን ለጎን ተቀምጠው በስልክ ይጻጻፋሉ። ባጃጅ ሲያልፍ ልጅቷ ፊቷን ወደ ውኃው ታዞራለች፣ ልጁ የጫማውን ክር ያስራል። ባጃጁ ካለፈ በኋላ ስልኩ እንደገና ይነሣል።

እዚያው አካባቢ ጀበና ቡና የሚያፈሉትን ሴትዮ፣ «እትዬ፣ እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ እዚህ ናቸው እንዴ?» አልኳቸው።

«የት ይሂዱልህ ልጄ? ቤቱ የእናት ነው፣ ትምህርት ቤቱ የዘበኛ፣ መንገዱ የዘመድ። እዚህ እንኳ እኔ አለሁ። ሲመሽ 'ተነሡ፣ ሂዱ' እላቸዋለሁ።» ሲኒውን አቀበሉኝና ጨመሩ፦ «የኔዋንም እዚህ ባገኛት ኖሮ ደስ ባለኝ። የማላውቀው ቦታ ነው የሚያስፈራኝ።»

የቡና ሻጯ ሐሳብ ጥናት ካጠኑት ሰዎች ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ስለ ፍቅር የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች አፍላው ስሜት ምን እንደሆነ በተወሰነ ደረጃ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 አርተር አሮን፣ ሔለን ፊሸርና ባልደረቦቻቸው ፍቅር ያከነፋቸውን 17 ሰዎች የሚወዱትን ሰው ፎቶ እያሳዩ የአእምሯቸውን ምስል ሲያነሡ፣ የተነቃቃው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚበዛበት፣ ሰውን ወደሚመኘው ነገር የሚገፋው ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዶናቴላ ማራዚቲ የተባሉ ጣልያናዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በቅርብ ጊዜ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ የታየው ከሴሮቶኒን ጋር የተያያዘ ለውጥ አንድ ሐሳብ አልለቅ ብሏቸው በሚጨነቁ ሕሙማን ላይ ከሚታየው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ከተጠኑት መካከል ጥቂቶቹ ከአንድ ዓመት ወይም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሲመረመሩ ለውጡ ጠፍቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 ፍቅርን መቀራረብ፣ ግለትና ቃል መጠበቅ ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ግለቱ ብቻ ሲኖር አፍላ ስሜት ነው፤ ሁለቱ የሚመጡት ውለው አድረው ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አፍላውም እውነተኛውም መልካቸው አንድ ነው። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ ይረሳል። በ40 ዓመቱ የሚያፈቅር ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ ጎረምሳው የሚለየው ስሜቱን የሚያመዛዝነው የአእምሮ ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እያደገ በመሆኑ ነው። ስለዚህ የሮሜዎና የዡልየት ፍቅር «እውነተኛ ነበር ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ «አልተጠበቀም» የሚል ነው። አንድ ዓመት ተኩል ቢሰጣቸው ምን ይሆኑ ነበር? ምናልባት ዡልየት ሮሜዎ ግጥም ማብዛቱ ሰልችቷት ትተወው ነበር። ምናልባትም አምስት ልጅ ወልደው ይጨቃጨቁ ነበር።

ጊዜውን የወሰደው ማን ነው? አባቷ ካፑሌት በመጀመሪያ ደግ ሰው ነው። ፓሪስ የሚባለው ባለጸጋ ልጅቷን ሲጠይቀው ገና 14 እንኳ አልሞላትም፣ ሁለት ክረምት ይለፍ፣ ልቧንም አግኝ ይለዋል። እናቷ ግን በአንቺ ዕድሜ እኔ አንቺን ወልጄ ነበር ትላታለች። ይህን ቃል በሌላ አነጋገር ከስንት አያት ሰምተነዋል! ቲባልት የሚባለው ዘመዳቸው በተገደለ ማግስት ደግ የነበረው አባት ይለወጣል። ቤቱ ሐዘን ገብቷል፤ ሰርግ ሐዘን ያስረሳል። ልጅቱን ሳይጠይቃት ለሐሙስ ቀጠሮ ይሰጣል። እምቢ ስትለው እንዲህ ይላታል፦ ከቤቴ ውጪ፣ ለምኚ፣ ተራቢ፣ መንገድ ላይ ሙቺ።

በቴአትሩ ውስጥ ለኛ አካባቢ ሰው በጣም ቅርብ የሆነው ትዕይንት ይህ ነው፤ የሰገነቱ አይደለም። ለባሕር ዳር የሚቀርቡትን ወረዳዎች፣ ሜጫን፣ ይልማና ዴንሳን፣ ደራን፣ አቸፈርን የሚያውቅ ሰው የአባትዬውን አሳብ በደንብ ይገባዋል። አገር ሲረበሽ፣ ሞት ሲበዛ፣ ልጅን «ለሰው አስረክቦ ማረፍ» ጭንቀት የሚያቀልል ይመስላል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ «ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሽማግሌ ቀጠሮ የሚያዘው ያኔ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። የቤተሰብ ሕጉ 18 ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ የሆነችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች የሆነችን ያገባ ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዛል። ፓሪስ ቢያገባት ኖሮ በኛ ሕግ ይታሰር ነበር። ሮሜዎም ዕድሜው ምን እንደሆነ ተጽፎ አልተቀመጠም እንጂ እንደዚያው።

ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ስንቅ የሞላ ማዳበሪያ ተሸክመው የሚወርዱ ልጃገረዶች ታያላችሁ። ከገጠር መጥተው ከጓደኛ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፤ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ድርቆሽ የሳምንት ቀለባቸው ነው። ከነሱ መካከል የታጨችበትን ቤት ጥላ የመጣች አትጠፋም። ይህች ልጅ በከተማ አንድ ልጅ ደብዳቤ ቢሰጣት ለማን ትንገር? ለአባቷ ብትነግረው «ይኸው፣ ከተማ ምን እንደሚያስተምር» ብሎ ወደ ሰርጉ ይመልሳታል። ስለዚህ አትነግረውም። ፍቅሩ እውነት ይሁን ውሸት የሚለይላት ሰው የለም፤ የምትለየው ራሷ ናት፣ ያውም ተደብቃ። ምስጢር ደግሞ መጥፎ መለያ ነው። ሲደበቁ መገናኘቱ ራሱ ያስደስታል፣ ያስፈራል፣ ልብ ይመታል፤ ይህ የፍርሃት ምት ከፍቅር ምት ጋር ይደባለቃል። ልጁ ቀን ለቀን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ እናቱን እንዴት እንደሚያናግር፣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ዕድል አይገኝም።

«ብትከለክላቸው ይብስባቸዋል» የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1972 ሪቻርድ ድሪስኮልና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ 140 ጥንዶችን አጥንተው ያወጡት ውጤት ነው፤ ወላጅ ጣልቃ ሲገባ ፍቅሩ ይጨምራል አሉና ነገሩን በሮሜዎና ዡልየት ስም ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ኮሊን ሲንክሌርና ባልደረቦቿ ጥናቱን በአዲስ መልክ ሲደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። እንዲያውም የተገላቢጦሹ ሆነ፦ ቤተሰብና ጓደኛ ያጸደቀው ግንኙነት ፍቅሩም መተማመኑም ይጨምራል፣ ተቃውሞ ሲበዛ ይቀንሳል። ይህ ለወላጅ የሚያጽናና ዜና ይመስላል፤ «እንግዲያው መከልከል ይሠራል» ሊል ይችላል። ይሠራል፤ ግን የሚያጠፋው አፍላውን ብቻ አይደለም። መልካሙንም ከመጥፎው ሳይለይ ያደቀዋል። የሚቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የከፋው፣ በግትርነትና በምስጢር ብቻ የቆመው ነው።

በቴአትሩ ውስጥ ነገሩን የሚያውቁ ሁለት ዐዋቂዎች አሉ። አንዷ ሞግዚቷ ናት፤ መልእክት ታመላልሳለች፣ ገመድ መሰላል ታቀብላለች፣ ነገር ሲከርባት ግን ያኛውን ተዪውና ፓሪስን አግቢ፣ እሱ ይሻላል ብላ ትገለበጣለች። ሌላው አባ ሎሬንስ ናቸው። ብዙ አንባቢ ያዝንላቸዋል፤ እኔ አላዝንም። የወጣት ፍቅር ዐይን ላይ ነው ብለው በገሠጹበት ትንፋሽ በዚያው ቀን ያጋቧቸዋል፤ ምክንያታቸውም ጋብቻው የሁለቱን ቤተሰቦች ጠብ ያበርዳል የሚል ነው። ልጆቹን ለዕርቅ ተጠቀሙባቸው። ለመንግሥትም ለቤተሰብም ሳይናገሩ የ42 ሰዓት እንቅልፍ የሚያስተኛ መድኃኒት ለ13 ዓመት ልጅ ሰጡ። ለሮሜዎ የላኩት መልእክተኛ በወረርሽኝ ሰበብ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ደብዳቤው ሳይደርስ ቀረ። መጨረሻ ላይ መቃብር ቤቱ ውስጥ ስትነቃ የሰው ድምፅ ሰምተው ልጅቱን ከሞተ ባሏ አጠገብ ጥለዋት ሸሹ። አንድ ልጅ ምስጢሩን የነገረው ዐዋቂ ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚሸከም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

የኛ ጎጃም የራሱ ታላቅ የፍቅር ሐዘን አለው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮት ያልሰማው ቤት የለም። እነ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ግን ጎረምሳና ኮረዳ አልነበሩም። አባቷ የዘር ጉዳይ አንሥተው ሁሉንም ጠያቂ ሲመልሱ እሷ ዕድሜዋ ሄዷል። በዛብህ ማንበብና መጻፍ ሊያስተምራት ይገባል፤ ፍቅሩ ከፊደል ጋር ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሊሸሹት ይሞክራሉ፣ ያስባሉ፣ ይፈራሉ። ስተርንበርግ ቢያያቸው ሦስቱንም ባገኘ። ግን ምን ሆኑ? እሷ መነኩሴ መስላ ተከትላው ስትደርስ እሱ ሊሞት ደርሷል። አፍላ ፍቅር ነው ገዳዩ ለሚል ሰው በዛብህን እጠቅሳለሁ። ዕድሜያቸው በስሎ፣ ፍቅራቸው በስሎ፣ የገደላቸው ያው የአባት ኩራት ነው። ጉዱ ካሣ ባይኖር ኖሮ ምስጢራቸውን የሚነግሩት ሰው እንኳ ባልነበራቸው። እሱም ቢሆን «እብድ» ተብሎ ስሙ የወጣ ነው።

ይህን ብዬ ሮሜዎን ነፃ ላወጣው አልፈልግም። በቴአትሩ ውስጥ እውነተኛ ፍቅር ብልጭ ያለባት ቦታ የት ናት ብትሉኝ፣ ዡልየት ባሏ የአጎቷን ልጅ የገደለበትን ዜና የሰማችበት ነው እላለሁ። መጀመሪያ ትረግመዋለች፤ እባብ ትለዋለች። ሞግዚቷ ተቀብላ ስትረግመው ግን ትቆማለች። ባሌ የሆነውን ሰው እኔ ካልደገፍኩት ማን ይደግፈዋል? ደግሞስ ቲባልት ሊገድለው አልነበረም ወይ? እያለቀሰች ሁለት እውነት በአንድ ላይ ይዛ ታመዛዝናለች፦ ዘመዴን ገድሏል፤ ባሌ ነው። አፍላ ስሜት ይህን አይችልም፤ አፍላ ስሜት የሚወደው እንከን የሌለው ምስል ነው፤ እንከኑ ሲታይ ይሰበራል። በዚያው ሰዓት ሮሜዎ መነኩሴው ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል፣ ቢላ ያወጣል፣ ሞግዚቷ ተነሥ፣ ወንድ ሁን ትለዋለች። ከሁለቱ የበሰለችው የ13 ዓመቷ ናት።

መጨረሻ ላይም እንዲሁ ነው። ዡልየት ሞተች ሲባል ሮሜዎ አሽከሩን ከአባ ደብዳቤ የለህም ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል። የለም ሲለው «ግድ የለም» ብሎ መርዝ ሊገዛ ይሄዳል። አንድ ቀን አልጠበቀም። መቃብሩ በር ላይ ፓሪስን ይገድላል፣ ከዚያ ራሱን፤ ዡልየት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትነቃለች። ወጣቶቹ «ለፍቅር ሞተ» ሲሉ እኔ የምሰማው «ግድ የለም» የሚለውን ነው። ሞት ስለ ፍቅሩ እውነትነት የሚመሰክረው ነገር የለም፤ ችኮላው ለሮዛሊን ሲያለቅስ ከነበረው ችኮላ አይለይም። ይህን ለተማሪዎች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ በተለይ አንድ መልእክት ባለመመለሱ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨነቁ ልጆች ባሉበት ዘመን። በልቡ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚመላለስበት ልጅ ካለ ደግሞ የቅርብ ሰው ዛሬውኑ ሊሰማው ይገባል፤ ተቀምጦ መስማት፣ ብቻውን አለመተው፣ ወደ ጤና ተቋም አብሮ መሄድ።

ወላጅ ምን ያድርግ? የ15 ዓመት ልጁ ፍቅር ያዘኝ ስትለው «ባል ላምጣልሽ?» ወይም «ስልኩን አምጪ» ከሚሉት ሁለት መልሶች መሐል ሦስተኛ መልስ አለ። ማን ነው? ምን ይወዳል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ትምህርቱስ? እነዚህን የምትመልስ ልጅ ልጁን ታውቀዋለች ማለት ነው፤ መልስ ካጣች ደግሞ አባቷ ሳይነግራት ራሷ ትሰማዋለች። ቤት ይምጣና እንየው ማለት ጋብቻ ማጽደቅ አይደለም። ብዙዎቹ ፍቅሮች ብርሃን ባዩ በሁለት ወር ውስጥ በራሳቸው ያልፋሉ፤ ያላለፉት ደግሞ ሲያድጉ ይታያሉ። ይህን የምለው ባህላችን ይከብደዋል ብዬ ሳልረሳ ነው። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ፍርሃት ቀላል አይደለም፤ ለሴት ልጅ እናት ደግሞ ከሁሉም ይበረታል።

ቴአትሩን በክፍል የሚያስተምር መምህርም «ፍቅር ነው ወይስ እብደት?» ብሎ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ባያከራክር እመርጣለሁ፤ ጩኸት ብቻ ነው የሚተርፈው። ይልቅ አንድ ዐዋቂ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ነገሩ የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ ቢላቸው ጽሑፉን ያነባሉ። እኔ ብሆን ሦስተኛውን ክፍል እገልጣለሁ። አባት ዝቶ ከወጣ በኋላ ዡልየት እናቷን ሰርጉን ለአንድ ወር፣ ለአንድ ሳምንት እንኳ አዘግዪልኝ ብላ ትለምናታለች። እናቲቱ አታናግሪኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ከአንቺ ጋር ጨርሻለሁ ብላ ትወጣለች። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቱ ለእናቷ የነገረቻት ሁሉ ውሸት ነው።